የጋሼ ደርሶ እግርና የማን እንደሆነ ያልታወቀው ሆድ

በፈረንጆቹ ዘጠና አራት በጋ ላይ በመላው አሽቀሎን ከጋሼ ደርሶ የበለጠ ትልቅ ነገር የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ባሕር ነበር የሚጠብቁት። ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው እንኳ “ሾሜር” ነው፤ ጥበቃ ማለት። አደራ የተሰጣቸውም ገና በመሠራት ላይ የነበረው የማሪናው አጥር፣ ሲሚንቶውና ብረቱ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ ስላልተገኘ፣ ዓመቱን ሙሉ አፍጥጠው የዋሉት ባሕሩ ላይ ነው። በእሳቸው ዘመን አንድ ጭልፋ ውኃ አልጎደለም።

ሰው በቀን ስንት ቃል እንደሚናገር የቆጠረ የለም። የጋሼ ደርሶን ግን መቁጠር ቀላል ነበር። ጥዋት ከሰፈራችን ከግቫት ጺዮን ሲሳፈሩ ለሹፌሩ “ሻሎም” ይላሉ። ለአሠሪያቸው “በሴዴር” ይላሉ፤ እሺ ማለት። የቀረውን አጥሩ ሥር ለምትተኛ ቢጫ ድመት ይሰጣሉ። ማታ ቤት ሲገቡ ቴሌቪዥኑ በእብራይስጥ ያወራል፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሱለታል፣ ሁለቱም አይደማመጡም፤ ልክ እንደ ብዙ ባልና ሚስት። እውነተኛዋ ሚስታቸው ጦቢያ በሰማንያ አራት ሱዳን ላይ፣ ገዳሪፍ አጠገብ አሸዋ ውስጥ ቀርታለች። ልጅ አልነበራቸውም።

እኛ የሞአዶኑ ሰዎች፣ ማለትም ክበቡ ውስጥ ካርታ እየተጫወትን የዓለምን ጉዳይ የምንፈታው፣ “ደርሶ ዝምታ ይወዳል” እንል ነበር። ዝምታ የሚወድ ሰው ግን ለድመት ያን ያህል አያወራም። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በራቸውን በየሳምንቱ የምታንኳኳው ጎረቤታቸው ይታይሽ ብቻ ነበረች። ዓርብ ዓርብ የሰንበት ዳቦ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ሳህን ታመጣለች። “ሰንበት ሰላም፣ ጋሼ ደርሶ።” “ሰንበት ሰላም፣ ልጄ።” ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓርብ በሩ ዕረፍት ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አጥሩ ሁለተኛ ጠባቂ የተጨመረለት ጊዜ ነው። አርካዲ ይባላል። በአገሩ በሩሲያ የድልድይ መሐንዲስ ነበር አሉ፤ እዚህ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ድልድይ የሌለበትን ውኃ ያያል። እብራይስጡ ከጋሼ ደርሶ እብራይስጥ በሦስት ቃል ይበልጣል፤ ሦስቱም ስድብ ናቸው። ሁለቱ ወንበራቸውን ጎን ለጎን አድርገው ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሕሩን በጋራ ዝም አሉት።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ አርካዲ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ከቦርሳው ክንድ የሚያህል ናክኒክ አወጣ። ናክኒክ ማለት ሥጋ ተፈጭቶ፣ ታምቆ፣ እንደ ጋሪ ጎማ ላስቲክ የተጠቀለለበት ነገር ነው። ጋሼ ደርሶ ባገራቸው የውጭ ሰው ቢነካቸው ወንዝ ወርደው ካልታጠቡ ቤት የማይገቡ የነበሩ ሰው ናቸው። ያልታረደውን፣ ማን እንዳረደው ያላወቁትን ሥጋ በዓይናቸውም አይቀምሱም። በጣታቸው ወደ ናክኒኩ ጠቁመው፣ “ምንድን ነው?” በሚል ዓይን አዩት።

“ሆዱ!” አለ አርካዲ፣ ናክኒኩን እንደ ፈረስ አንገት እየቸበቸበ። “ሆዱ! ሆዱ!”

ጋሼ ደርሶ ቀዘቀዙ። ሆዱ? የማን ሆዱ? የበግ? የላም? ወይስ የዚያ ስሙ የማይጠራው፣ ሩሲያውያኑ በየሱቁ ይሸጡታል የሚባለው? አማርኛ ከየት እንደተማረ እንዳይጠይቁት ቋንቋ የላቸውም። አርካዲ ግን መልስ አልጠበቀም፤ አንዱን ክብ ቆርጦ በቢላው ጫፍ እስከ ከንፈራቸው ድረስ አደረሰላቸው።

ሰው ጋሼ ደርሶን ሲያጎርሳቸው ከገዳሪፍ ወዲህ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አፋቸው ከእሳቸው ፈቃድ ሳይጠይቅ ተከፈተ። ጎረሱ። ሁለተኛም ጎረሱ። እስከ ማታ ድረስ ጨው ጨው ይላቸው ነበር፤ ናክኒኩ ይሁን ሌላ ነገር አላወቁም።

በማግስቱ ከወንበራቸው ሲነሡ ከብረቱ የተንጠለጠለ ዝገት የበላው ሽቦ የግራ ቅልጥማቸውን ጫር አደረጋቸው። ጭረቷ የጉንዳን መንገድ አታህልም። ምራቅ ቀብተው ረሷት። ማክሰኞ ግን ጭረቷ እሳቸውን አልረሳችም። ከውጭ የሚታየው ትንሽ ቅላት ነው፤ ውስጡ ግን አጥንታቸውን በመጋዝ የሚገዘግዝ ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ረቡዕ ጥዋት እግሩ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ያዘው፤ ሰውነታቸው ነደደ። አርካዲ ሱሪያቸውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ሦስቱንም ስድቦች በተራ እየጮኸ አምቡላንስ ሊጠራ ሮጠ።

ሆስፒታል ገብተው በአንድ ትልቅ ነጭ መሣሪያ ሆድ ውስጥ አሳለፏቸው። ዶክተር ኖዓ የምትባለው ሐኪም፣ ፊቷ ለመጨረሻ ጊዜ የተኛው ዘጠና ሁለት ላይ ይመስላል፣ በሰማያዊ ብዕር የቅላቱን ዳርቻ ዙሪያውን አሰመረች። ከዚያ የሚያስተረጉም ሰው ፈለገች። ጋሼ ደርሶ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን አንዲት የስልክ ቁጥር ሰጧት፤ የሞአዶኑን።

ስልኩን ያነሣው ደምሴ ነው። ደምሴ የሰፈራችን የእብራይስጥ ሊቅ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቃል ካወቀ የቀሩትን ስምንት ራሱ ይፈጥራቸዋል። ዶክተሯ በችኮላ ነገረችው፦ “ዜ ኻይዳቅ ቶሬፍ። ኦኼል ባሳር። ጻሪኽ ላኽቶኽ።”

ሴትዮዋ ያለችው፣ ቦጫቂ ባክቴሪያ ነው፣ ሥጋ ይበላል፣ መቁረጥ ያስፈልጋል ነው። ደምሴ ግን “ኻይዳቅ” የሚለውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ዘለለው። “ቶሬፍ” ስትለው “ታሬፍ” ሰማ። ታሬፍን የማያውቅ ማን አለ? የተከለከለ፣ የረከሰ ሥጋ ነው። “ኦኼል” መብላት፣ “ባሳር” ሥጋ፣ “ላኽቶኽ” መቁረጥ። ነገሩ ቁልጭ አለለት፤ ስልኩን ለጋሼ ደርሶ እንድትሰጥለት ጠየቃት።

“ጋሼ ደርሶ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ካርታ ተጫዋቾቹ በሙሉ ጆሯቸውን አቆሙ። “ታሬፍ ሥጋ በልተዋል ነው የምትለው።”

ጋሼ ደርሶ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ይበልጥ አስጠጉ።

“ማን ነገራት?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! በመሣሪያ አይተውት ይሆናላ።”

ጋሼ ደርሶ ነጩ መሣሪያ ትዝ አላቸው። “አየው! ሆዱን አየው!”

“የማንን ሆድ?”

“እሱን እኮ ነው እኔም የማላውቀው።”

“ለማንኛውም አሁን እግርዎን እንቁረጥ ትላለች።”

“የበላው አፌ። የተቀበለው ሆዴ። እግሬ ምን አደረገ?”

“እንግዲህ የዚህ አገር ሕግ ይሆናል፣ ጋሼ” አለ ደምሴ፣ እንደ ጠበቃ ተንፍሶ።

ጋሼ ደርሶ ስልኩን መልሰው፣ ከሚያውቁት እብራይስጥ ሁሉ ጥርት ያለውን ቃል ለዶክተሯ ሰጧት። “ሎ” አሉ፤ አይሆንም። የቀዶ ጥገናውን የፈቃድ ወረቀት አልፈርምም አሉ። በልባቸው ያሰቡት ሰባት ቀን ጾመው ባሕር ሊነከሩ ነው። ባሕሩም ሩቅ አይደለም፤ ያውም ራሳቸው የጠበቁት። ጥፋቱ እንደሆን ጥፋት ነው፤ ቅጣቱም ይገባኛል ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቅላቱ ሰማያዊውን መስመር በሁለት ጣት አለፈ። ዶክተሯ ሌላ መስመር አሰመረች። የእጅ ሰዓቷን አሳየቻቸው፤ አንድ ጣቷን አነሣች። አንድ ሰዓት። እሳቸውም እንደገና “ሎ”።

በዚህ መካከል ነው ብርክቲ ባልዲዋን እየገፋች የገባችው። ብርክቲ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ቤተሰቧ ከትግራይ ነው፤ አማርኛዋ ከትግርኛ ተጋብቶ ብዙ ወልዷል። እብራይስጡን ግን ከበሽተኞች አልጋ ሥር እየወለወለች በአሥር ዓመት ውስጥ ለቅማዋለች።

“ዋይ፣ አቦይ! ሐኪሟን ለምን እምቢ አሏት?”

ከጥዋት ጀምሮ የሰሙት የመጀመሪያው የሰው ድምፅ መሰላቸው። “ልጄ፣ አንቺ ልጅ ስለሆንሽ አይገባሽም። ታሬፍ በልቼ ነው።”

“ምን በሉ?”

“ሆዱን።”

“የማንን ሆድ?”

“ሩሲው አልነገረኝም።”

ብርክቲ መወልወያዋን ተደግፋ አየቻቸው። ወጥታ ዶክተሯን በክንዷ ይዛ ተመለሰች። “አሁን ለኔ ንገሪኝ” አለቻት፤ “ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሕፃን።” ዶክተሯ ነገረቻት። ብርክቲ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋባት።

“አቦይ፣ ታሬፍ አይደለም ያለችው። ቶሬፍ ነው። ታሬፍ የተቦጨቀው ነው፤ ቶሬፍ የሚቦጭቀው አውሬ ነው። እርስዎ አይደሉም የበሉት። እርስዎ ነዎት እየተበሉ ያሉት።”

“በማን?”

“ዓይን በማያየው ተሕዋስ። ባክቴሪያ። በጭረቷ ነው የገባው።”

“በዚያች? ጉንዳን እንኳ ጎንበስ ብላ ነው የምታልፍባት።”

ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ተረጋግታ፣ አንድ ሰዓት ሳይሆን አንድ ዓመት ያላት አስመስላ። ብርክቲ እየተከተለች አስተረጎመች። የዚሁ ባክቴሪያ ዘመዶች ከልጆች ጉሮሮ አይጠፉም፤ ሦስት ቀን ያሳምማሉ፣ በመድኃኒት ይሄዳሉ። ሁሉም ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ባዶ እጁን ይመጣል። አንዳንዱ መሣሪያ ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ጋሼ ደርሶ ከትራሱ ቀና አሉ። ይሄ የሥራቸው ነገር ነው። “ምን ምን ይዞ ገባ?” ብለው ጠየቁ፤ በር ላይ እንደሚጠይቁት።

“አንደኛ፣ ካፖርት ለብሷል። በደምዎ ውስጥ ጠባቂዎች አሉ፤ የመጣውን እየያዙ የሚውጡ። ካፖርቱ ግን የገዛ ገላዎን ይመስላል፤ ለመያዝም ያሟልጫል።”

“የዘበኛ ልብስ ለብሶ ገባ በይኛ!”

“ሁለተኛ፣ ሥጋን ከሥጋ ያያዘውን ማጣበቂያ የሚያሟሟ ነገር ይረጫል። እየበላ ሳይሆን እየናደ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው መስመሩን የሚያልፈው።”

“አጥር ቆራጭ።”

“ሦስተኛ፣ መርዝ አለው። የደም ሕዋሳቱን ያፈነዳቸዋል፤ ጠባቂዎቹንም ጭምር።”

ጋሼ ደርሶ የተነፋውን እግራቸውን ቃኙት።

“አራተኛው ነው ክፉው፣ አቦይ። ይጮኻል። ‘ሌባ! ሌባ!’ ይላል በሁሉም በኩል። የሰውነትዎ ጠባቂ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ያገኘው ላይ ይተኩሳል። ይሄ ትኩሳት፣ ይሄ የደም ግፊትዎ መውረድ፣ እሱ ነው።”

“እንግዲያው የሚገድለኝ ሌባው ብቻ አይደለም” አሉ ጋሼ ደርሶ፤ “የራሴም ዘበኛ ነው።”

ዶክተሯ የቀረውን ነገረቻቸው። ሁለት መድኃኒት በደም ሥራቸው እየገባ ነው፤ አንዱ ባክቴሪያውን ይሰብራል፣ ሌላው መርዝ የሚያበስልበትን ኩሽና ይዘጋል። ነገር ግን የሞተ ሥጋ ውስጥ ደም አይሄድም፤ ደም ካልሄደ መድኃኒትም አይደርስም። ስለዚህ የሞተው ሥጋ መነሣት አለበት። አሁን ከሆነ ሥጋው ብቻ ነው የሚነሣው። ማታ ከሆነ እግሩ ነው። ነገ ከሆነ… ብርክቲ የነገውን አላስተረጎመችም።

ጋሼ ደርሶ ያን ጊዜ ያሰቡት ባገራቸው ቄሶቹ ያስተማሯቸውን ነው። ከብት ዱር ውሎ ጅብ ወይም ነብር ከቦጨቀው፣ የቱንም ያህል ቢራብ ሰው ያን ሥጋ ቤቱ አያስገባም። ለውሻ ይጣላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነው፤ ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

“አውሬ የቦጨቀው ነው አልሽኝ?”

“አዎን፣ አቦይ።”

“እንግዲያው የኔ አይደለም። ጣሉት። ለውሻ ስጡት።”

“እዚህ ውሻ የለም። የሚያቃጥሉበት ምድጃ ነው ያለው።”

“እሱም ይሁን” አሉና አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ። አልጋው እየተገፋ ሲወጣ ብርክቲን በጓንቷ ጎትተው፣ “ሆዱስ?” አሏት። “እሱን ከሩሲው ጋር ይጨርሱት” አለቻቸው።

ሁለት ጊዜ ቀደዷቸው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አጠገብ ድረስ ከእግሩ ላይ ትልቅ ጉድጓድ ወጣ፤ እግሩ ግን ቀረ። ከዚያ “ቢዱድ” አስገቧቸው። የመስታወት በር ያለው ለብቻ የሆነ ክፍል ነው፤ በሩ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሚገባ ሁሉ ካባ ይለብሳል፣ ጓንት ያደርጋል፣ አፉን ይሸፍናል። ከዓይን በስተቀር የሰው መልክ የለም። ባገራቸው መለየትን ያውቁታል፤ የተለየ ሰው ጎጆ ውስጥ ይሆናል፣ ምግቡ ደጁ ላይ ይቀመጥለታል፣ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያወራዋል፣ በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ከሰው ይቀላቀላል። እዚህ ግን ሰባተኛው ቀን መጣና ሄደ፤ ወንዙ የት እንደሆነ የነገራቸው የለም። ከሩቅ ቆሞ የሚያወራም አልመጣም።

ለምን አልመጣም ለሚል፣ ደምሴ ነገሩን ለማንም አልተናገረም። ለአሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው የነገረው። ረቡዕ ማታ ጋሼ ደርሶ የበሉት አንድ ቁራጭ ነበር፤ ሐሙስ ግልገል አከለ፤ ዓርብ ከሩሲው ጋር ሥጋ ቤት ሊከፍቱ ሺምሾን ሰፈር ሱቅ ተከራይተዋል ተባለ። ይታይሽ ዳቦዋን ጋገረች፤ ሳህኑን ጨርቅ አለበሰች፤ በራፏ ላይ ቆመች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እኛም አልሄድንም። ኋላ ላይ ያስቀረን የቢዱዱ ወረቀት ነው ብለናል። ወረቀቱን ያየ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ከመስታወቱ ወዲያ አርካዲ ቆመ፣ የጥበቃ ሸሚዙን እንደለበሰ። ድምፅ አያልፍም። ቢያልፍም የሚናገረው የለውም። ጋሼ ደርሶ ግን የሚጠይቁት ነገር ነበራቸው። በእጃቸው ናክኒክ ቆረጡ፣ ጎረሱ፣ ሆዳቸውን መቱ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፦ የማን?

የድልድይ መሐንዲሱ አሰበ። ክርኖቹን እንደ ክንፍ ዘረጋ። አንገቱን አስረዝሞ አገጩ ሥር እጁን እንደ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠለ፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ቂጡን ገልብጦ በኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመደ። ዶክተሮች ቆሙ። አንዲት አሮጊት ከነተሽከርካሪ ወንበሯ አፈገፈገች። ብርክቲ ከነባልዲዋ ደርሳ የሰውየውን “ጉልጉልጉል” ሰማች።

“ሆዱ!” ብላ ጮኸች መስታወቱን ከፈት አድርጋ። “አቦይ፣ ሆዱ እኮ በእብራይስጥ ያ አንገቱ ላይ ቀይ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ዶሮ፣ ተርኪ የሚሉት ነው! እኔ ደግሞ የአማርኛውን ሆድ መስሎኝ!” አርካዲ ከኪሱ የተጨማደደ መጠቅለያ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ንጹሕ ነው፣ ይበላል የሚል የረቢዎቹ ማኅተም አለበት። ጋሼ ደርሶ ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን ግን ያውቁታል።

ሳቁ። የመድኃኒቱ ከረጢት እስኪወዛወዝ ሳቁ። ወደ መጨረሻው ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አርካዲም ጨዋ ሰው ስለሆነ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ቤታቸው ሲመለሱ ብርክቲ ሞአዶኑ ድረስ መጥታ ደምሴን በሰው ፊት ጆሮውን አጠበችው። “እኔ በትክክል ነው የተረጎምኩት” አለ ደምሴ፤ “ሐኪሟ ናት አነጋገሯ የተበላሸው።” ሦስታችን ልንጠይቃቸው ሄድን። ተቀመጥን፤ ስለየራሳችን ጉልበት ሕመም አወራን፤ ተነሣን። ስለ ናክኒኩ ማንም አላነሣም። የይታይሽ ሳህንም ተመለሰ። “ሰንበት ሰላም፣ ጋሼ ደርሶ” አለች መሬት መሬቱን እያየች፤ ከወትሮው ፈጥና ሄደች።

ከሁለት ወር በኋላ አጥራቸው ዘንድ ሲመለሱ ባሕሩ አልጎደለም። ድመቷም አለች። ሁለተኛው ወንበር ግን ባዶ ነው፤ ኩባንያው አርካዲን ወደ ሌላ አጥር ወስዶታል። አሠሪያቸው “ሺምሾን ነው የሚኖረው” ብሎ የሕንፃውን ቁጥር በጣቱ አሳያቸው።

የዚያን ሳምንት ዓርብ የይታይሽን ዳቦ ሁለት ቦታ ከፈሉት። ግማሹን በነጩ ጨርቅ ቋጠሩ። ከግቫት ጺዮን ሺምሾን ድረስ በእግራቸው ሄዱ። በየአግዳሚው ወንበር አረፉ። ነፋስ ሲመጣ የግራ እግራቸው ጉድጓድ እንደ ዋሽንት ያፏጫል የሚሉ አሉ፤ ይህን እኔ አልሰማሁም። እንደ ድሮው ቢሆን ከፎቁ ሥር ይመለሱ ነበር፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የሰው በር አንኳኩተው አያውቁም። ሦስት ፎቅ ወጡ፤ አንኳኩ።

“ሚ ዜ?” አለ ከውስጥ በሩሲያ ቅላጼ የተሰበረ ድምፅ። ማነው?

ጋሼ ደርሶ ግራ ገባቸው። ሦስት ሳምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስማቸውን ነግረውት አያውቁም። ቢነግሩትም አያውቀውም። ዳቦውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ሆዱ” አሉ።